ለፓስፊክ መከላከያ በጀት ቁጥጥር ለኮንግረስ የምንልከው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ለቨርጂኒያ ተወካዮቻችን የምንልከው ረቂቅ ደርሷችኋል። ጉዳዩ «ፓስፊክ ዲተረንስ ኢኒሺየቲቭ» ነው፤ ቻይናን አስቀድሞ ለመግታት የሚያዘው በጀት። ኮንግረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 በጀት ዓመት የመከላከያ ሕግ ነው። ትራምፕ ሕጉን ውድቅ ቢያደርጉትም ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጽድቀውታል። ረቂቃችን «የተለየ ሒሳብ ይከፈትለት» ይላል። አስተያየት?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እሱ ላይ ቀስ እንበል። ዕቅዱ የራሱ ካዝና የለውም። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ፔንታጎን ከባሕር ኃይሉ፣ ከአየር ኃይሉና ከምድር ጦሩ በጀት መስመሮችን እየመረጠ «ይሄ የፓስፊክ ነው» ብሎ ስም ይለጥፍበታል። ለ2022 የሆነውን እዩ። 5.1 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። ሲገለጥ አብዛኛው እንደ ኤፍ-35 ተዋጊ ጄትና የጦር መርከብ ላሉ ግዢዎች ነው። ዕቅዱ ኖረም አልኖረም የሚገዙ ነገሮች! ኮንግረስ የፈለገው በፓስፊክ ያለችውን የአሜሪካ ደሴት የጓምን መከላከያ፣ የጦር ሰፈር ግንባታና ስንቅና ትጥቅ ማከማቻ ነበር። ዝርዝሩን የኮንግረስ አባላቱ ራሳቸው እንደገና ሠርተው ወደ 7.1 ቢሊዮን አደረሱት።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እንግዲያው የተለየ ሒሳብ ይበልጥ ያስፈልጋል ማለት አይደለም እንዴ? ኦባማ በ2014 ለአውሮፓ ያስጀመሩት ተመሳሳይ ዕቅድ እኮ ለብቻው ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ነበር ጋሼ፤ ግን የሚወጣው ለጦርነት ተብሎ ከሚያዘው ገንዘብ ነበር። በሕግ የተወሰነው የመከላከያ ወጪ ጣሪያ አይነካውም ነበር። ለብቻ መሆኑም አላዳነውም። በ2019 ለሜክሲኮ ድንበር አጥር 3.6 ቢሊዮን ዶላር ከወታደራዊ ግንባታ ሲዛወር ከአውሮፓው ዕቅድም ተወስዷል።

የአሌክሳንድሪያዋ አባል፦ ይቅርታ፣ ግን ጓም እኛን ምን አገባን? ስለ አገር ቤት ብንጽፍ አይሻልም?

ጡረተኛው፦ እህቴ፣ ግብሩን የምንከፍለው እኛ ነን። ፔንታጎን ደግሞ ሙሉ ኦዲት ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አንዴም አላለፈም። ኦዲቱን እንዲያልፍ ሕግ እስከ 2028 መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶታል። ይሄ ካላገባን ምን ያገባናል?

የሕግ ተማሪው፦ የኔ ሐሳብ፦ «የተለየ ሒሳብ» የሚለውን እንሰርዘው። የተጠየቀ፣ የተፈቀደና የተከፈለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፔንታጎን በየዓመቱ የሚያወጣው ሰነድ በዋናነት የሚጠይቀውን ነው የሚያሳየው። እኛ የምንፈልገው በየመስመሩ ባለፈው ዓመት ምን ያህል እንደተከፈለ ጎን ለጎን እንዲቀመጥ ነው። ምሥጢር የሆነው በዝግ ይቅረብ። ሌላው፣ ለማን እንደምንልከው ይለይ። የጦር አገልግሎት ኮሚቴው ይፈቅዳል እንጂ ገንዘብ አይሰጥም። ገንዘቡ የሚመደበው በአፕሮፕሪዬሽን (የበጀት ድልድል) ኮሚቴው በኩል ነው። የቨርጂኒያችን ሴናተር ኬይን የመጀመሪያው ውስጥ አሉ፤ ለሁለተኛው ሌላ ቅጂ ይሂድ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እስማማለሁ። አንድ ብቻ ጨምሩልኝ፦ ያለ ዕቅዱም የሚገዛ ነገር ስሙን እንዳይይዝ።

ጡረተኛው፦ እኔም የተለየ ሒሳቡን ትቼዋለሁ። ደብዳቤው ግን ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የሚያነበው ወጣት ረዳት ነው።

ጸሐፊ፦ እሺ። ተማሪው ነገ ማታ አዲሱን ረቂቅ ይላክ፤ ቁጥሮቹን ሒሳብ ሠራተኛችን ትመልከታቸው። ፊርማ ከእሑድ በኋላ እንሰበስባለን። የአሌክሳንድሪያዋ እህታችን፣ አንቺስ?

የአሌክሳንድሪያዋ አባል፦ ረቂቁን ልየውና እነግራችኋለሁ።