ፕራግ ላይ ለአራት ሌሊት የትኛው ሰፈር ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ጥቅምት ከስልሳ ስምንት ዓመት እናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ፕራግ ላይ አራት ሌሊት ለማሳለፍ አስበናል። ካርታው ላይ ሁሉም ነገር የተቀራረበ ስለሚመስል አሮጌው ከተማ መካከል ሆቴል ልይዝ ነበር፤ ሆኖም ዋጋው ከበደኝ፣ እናቴም ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገትና ደረጃ አትችልም። ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም ምግቡም ያሳስበኛል። ከተማውን የምታውቁት ወንድሞችና እኅቶች የትኛውን ሰፈር ትመክሩናላችሁ?

ምላሽ፦

እኅቴ፣ እኔ የምኖረው ጀርመን፣ ድሬስደን ከተማ ስለሆነና ፕራግ ከዚህ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ እስካሁን አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ አሮጌው ከተማ፣ አንድ ጊዜ ማላ ስትራና፣ አንድ ጊዜ ካርሊን፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቪኖህራዲ ያደርኩ ሲሆን፣ የመጨረሻው ጉዞዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣችው እናቴ ጋር ነበር። የእርስዎን ጥያቄ ሳነብ ያን ጉዞ ስላስታወሰኝ በዝርዝር ልመልስልዎት። ምርጫዬን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ቪኖህራዲ ውስጥ፣ ናሜስቲ ሚሩ ከሚባለው አደባባይ በእግር ከአምስት ደቂቃ የማይርቅ ቤት ይያዙ።

አብዛኛው እንግዳ ፕራግ ላይ ማረፊያ ሲመርጥ አሮጌው ከተማ ካለው ታዋቂ የሥነ ፈለክ ሰዓት ያለውን ርቀት ካርታ ላይ ይለካል፤ እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ካርታው የማይነግረን ግን ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ኮብልስቶኑ፣ ሌላው ሌሊቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮብልስቶን የለመደ ሰው ምን አዲስ ነገር አለ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ጉልበት የሚያማትን እናት ይዘው፣ ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተቱ፣ በዝናብ የረጠበ የፕራግ ድንጋይ ላይ ሩብ ሰዓት ሲሄዱ ጉዳዩ ሌላ ነው።

አሮጌው ከተማ፣ ቼኮቹ ስታሬ ምዬስቶ የሚሉት፣ ከ1410 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ያለው የሥነ ፈለክ ሰዓት፣ የቲን ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ሰፈር የነበረው ዮዜፎቭ የሚገኙበት ነው። ቀን ላይ ሺህ ጊዜ ቢያዩት አይጠገብም። እኔ ግን ያደርኩት ድሎውሃ ከሚባለው ጎዳና አጠገብ ስለነበር፣ ሁለቱንም ሌሊት ሙሽራ አጅበው የመጡ፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ጎረምሶች በመስኮቴ ሥር እየዘፈኑ ሲያልፉ ሳዳምጥ አነጋሁ። የከተማው ምክር ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. እንግዶችን በቡድን ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት የሚያዞሩ የተደራጁ ጉብኝቶችን ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የከለከለው ነዋሪው በዚህ ሁኔታ ተማርሮ ነው። ክልከላው የሚመለከተው አስጎብኚዎቹን ስለሆነ፣ በራሱ ፈቃድ የሚዞረው ጎረምሳ ዛሬም አለ። እዚያ ማደር ካለብዎት ፊቱን ወደ ጎዳናው ሳይሆን ወደ ውስጥ ግቢ ያዞረ ክፍል ይጠይቁ።

ማላ ስትራና ከወንዙ ማዶ፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር የተኛ ሰፈር ነው። በ1257 የተቆረቆረ ሲሆን፣ ከውበት አንጻር ካየነው ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቻርለስ ድልድይን ሰው ሳይሞላው ለማየት የሚቻለው ጎሕ ሲቀድ ብቻ ነው፤ ማላ ስትራና ያደረ ሰው ደግሞ ከአልጋው ተነሥቶ ካፖርቱን ደርቦ ድልድዩ ላይ ይደርሳል። እኔ አንድ ማለዳ እንዲሁ ወጥቼ 516 ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር ስሄድ ያገኘሁት አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ሁለት ፎቶ አንሺዎችና ውሻውን የሚያናፍስ ሽማግሌ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱ ዳገት፣ ቤቶቹ የቆዩና ደረጃ የበዛባቸው፣ የዕለት አስቤዛ የሚገዛባቸው መደብሮችም ጥቂት ናቸው። ለአዲስ ሙሽሮች ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ ለእናትዎ ግን አልመክርም።

አዲሱ ከተማ፣ ኖቬ ምዬስቶ፣ ስሙ አያታልልዎት፤ «አዲስ» የተባለው በ1348 ስለተቆረቆረ ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ሠይፈ አርዕድ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። በ1989 ሕዝቡ ወጥቶ ሥርዓቱን የቀየረበት የቫጽላቭ አደባባይ እዚሁ ይገኛል። አደባባዩ ራሱ 750 ሜትር ያህል የሚረዝም ጎዳና ሲሆን፣ የታችኛው ጫፍ ሌሊት አያስተኛም። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ካርሎቮ ናሜስቲ ሲወርዱ ግን ጸጥታው ይጨምራል፣ ትራምም በየአቅጣጫው ያገኛሉ። በዚያው አካባቢ ሬስሎቫ መንገድ ላይ የቅዱሳን ቄርሎስና መቶድዮስ ኦርቶዶክሳዊ ካቴድራል አለ፤ በ1942 የናዚውን ሹም ሃይድሪክን የገደሉት የቼኮስሎቫኪያ ፓራሹተኞች ተከበው የወደቁት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሆን፣ ምድር ቤቱ ዛሬ መታሰቢያ ሆኗል። ከግድግዳው ውጭ ያለውን የጥይት ምልክት እናቴ በእጇ ዳስሳ አማተበች።

ካርሊን ሜዳ ነው፤ ይህ ለጉልበት ትልቅ ነገር ነው። በ2002 ነሐሴ የቭልታቫ ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን ክፉኛ ካጥለቀለቀው በኋላ እንደገና ስለታደሰ፣ መንገዱ ቀጥ ያለና ሰፊ፣ ብዙው ቤትም የታደሰ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ከፍሎሬንትስ በእግር ይደረሳል፣ ቢጫው የሜትሮ መስመርም በሰፈሩ ሥር ያልፋል። ለቡና ወዳጅ ደግሞ ገነት ነው፤ አንድ ቡና ቤት ሰሌዳ ላይ ጉጂና ይርጋ ጨፌ ጎን ለጎን ተጽፈው ሳይ፣ ቡናው በደቃቃ ብርጭቆና ያለ ስኳር ቢቀርብልኝም አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ጉድለቱ ቅርስ የሚባል ነገር በመስኮት አለመታየቱ ነው፤ ብዙው ሕንፃ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ቅዳሜና እሑድም ጭር ይላል።

አሁን ወደ ቪኖህራዲ። ስሙ «የወይን ተክል ቦታዎች» ማለት ነው፤ ዛሬ የሚታዩት ግን በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸው የመኖሪያ ቤቶች ናቸው። የናሜስቲ ሚሩ ትርጉም የሰላም አደባባይ ሲሆን፣ መካከሉ ላይ የቅድስት ሉድሚላ ቤተ ክርስቲያን መንታ ማማዎቿን አቁማ ስለምትታይ ቤትዎን አይስቱም። ከአየር ማረፊያው በ59 ቁጥር ትሮሊባስ ናድራዢ ቬለስላቪን ድረስ ይመጣሉ፤ ከዚያ አረንጓዴው ሜትሮ ያለ ሌላ ቅያሬ ናሜስቲ ሚሩ ያደርስዎታል። በዚሁ መስመር ከናሜስቲ ሚሩ ሲነሡ አሮጌው ከተማ ሦስተኛው ጣቢያ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላሳስብ፤ ጣቢያው ከመሬት በታች 53 ሜትር ይጠልቃል፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃውም 87 ሜትር ይረዝማል። እናቴ ከላይ ሆና ወደ ታች አይታ «ይህ ሲኦል ነው እንጂ ባቡር ጣቢያ አይደለም» ብላ እጄን ጨብጣ ቀረች፤ ከዚያ በኋላ በትራም ብቻ ሄድን።

ይህን ሰፈር ያስመረጠኝም ይኸው ትራም ነው። የ22 ቁጥር ትራም ከናሜስቲ ሚሩ ተነሥቶ በካርሎቮ ናሜስቲ፣ በብሔራዊ ቴአትሩ በኩል ወንዙን ተሻግሮ፣ ማላ ስትራናን አቋርጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይወጣል። ማለትም ሌላው ጎብኚ በእግሩ እያለከለከ የሚወጣውን ዳገት እናትዎ ተቀምጠው በመስኮት እያዩ ይወጡታል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፦ ፕራዥስኪ ህራድ በሚለው ፌርማታ ላይ አብዛኛው ሰው ሲወርድ እናንተ ቁጭ በሉ፤ ፖሆርዤሌትስ ላይ ውረዱና ከዚያ ቁልቁል ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሱ። በ1344 ተጀምሮ በ1929 የተፈጸመው የቅዱስ ቪተስ ካቴድራል ጋ ስትደርሱ ዳገት አልወጣችሁም። ከአሮጌዎቹ ትራሞች አንዳንዶቹ መግቢያቸው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ዝቅ ያለው እስኪመጣ አንድ ትራም ማሳለፍ አያስቆጭም። ቦርሳዎን ግን ከፊት ያድርጉ፤ በዚህ መስመር ላይ ኪስ አውላቂዎች አይጠፉም። እኛ በሄድንበት ጊዜ ዕድሜያቸው 65 የሞላ መንገደኞች ዕድሜያቸውን የሚያሳይ መታወቂያ ከያዙ ትራሙም ሜትሮውም በነፃ ስለነበር፣ የእናትዎ ፓስፖርት ከእጅዎ አይለይ።

ስለ ጾሙ አይጨነቁ። የቼክ ባህላዊ ምግብ የአሳማ ሥጋና ክኔድሊክ የሚሉት የተቀቀለ ሊጥ የሚበዛበት ቢሆንም፣ ፕራግ ውስጥ ቬጋን ምግብ ቤት ሞልቷል፤ ቪኖህራዲ ላይም ሳይቸገሩ ያገኛሉ። ቤቱ ወጥ ቤት ካለው ደግሞ አንድ ፌርማታ አልፎ፣ ይርዢሆ ዝ ፖድዬብራድ በሚባለው፣ የአገሬው ሰው አሳጥሮ ይርዣክ በሚለው አደባባይ ላይ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ የገበሬ ገበያ ይቆማል። እናቴ ከዚያ ድንች፣ ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ገዝታ፣ አልጫዋን፣ ከድሬስደን ይዘነው በሄድነው በርበሬ ደግሞ ቀይ ወጧን ሠራች፤ የጎረቤቱን ሰው አፍንጫ ያዳረሰ ይመስለኛል።

ቤት ሲከራዩ ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ በእነዚህ የቆዩ ሕንፃዎች ውስጥ ሊፍት አለ ማለት ከመንገድ ጀምሮ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰባት ስምንት ደረጃ ከወጡ በኋላ ነው የሚጀምረው። የእነሱ አንደኛ ፎቅም ምድር ቤቱን ሳይቆጥር ነው። ሁለተኛ፣ በየበሩ ላይ ሁለት ቁጥር ያያሉ፤ ቀዩ የሕንፃው የመዝገብ ቁጥር ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ ተራውን የሚያሳየው ሰማያዊው ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ቀዩን እያየሁ አንድ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ስመላለስ የማላውቃቸው ሰዎች ደወል ደውያለሁ። ለአዋቂ ሰው በአንድ ሌሊት 50 ኮሩና የከተማ ክፍያ ስለሚታከል፣ ዋጋው ውስጥ መካተቱንም ይጠይቁ።

ሌላ አስተያየት፦

በቀደመው ወንድማችን ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ዢዥኮቭን ማለፉ ግን አግባብ አልመሰለኝም። ከቪኖህራዲ ጋር የሚዋሰን ሆኖ ኪራዩ በአብዛኛው ዝቅ ይላል። 216 ሜትር የሚረዝመው የቴሌቪዥን ማማ ያለውም እዚያ ነው፤ በማማው ላይ የሚድሁት ግዙፍ የሕፃናት ቅርጾች የቼኩ ቀራጺ የዴቪድ ቼርኒ ሥራ ናቸው። ዋጋ ካሳሰበዎት ይመልከቱት። ሆሌሾቪትሴ የሚባለው ሰፈርም ቢሆን ከበርሊንና ከድሬስደን በባቡር ለሚመጣ ሰው ምቹ ነው፤ ስትሮሞቭካ የሚባለው ሰፊ ፓርክም ሜዳ ስለሆነ ለእናትዎ ሽርሽር ይስማማል።

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እውነት ነው፣ ዢዥኮቭን ዘልዬዋለሁ። የዘለልኩት ግን ሰፈሩን ንቄ ሳይሆን መንገዶቹ እንደ መሰላል የቆሙ ስለሆኑ ነው፤ መጠጥ ቤቱም በየማዕዘኑ ነው። እኅታችንና ወንድማቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እኔም እዚያው እልካቸው ነበር። ስለ ስትሮሞቭካ ግን አመሰግናለሁ፤ እኔም አላየሁትም።

ከጠያቂዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቅድስት ሉድሚላ ጀርባ ባለ መንገድ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ያዝኩ። አከራይዋን ስለ ሊፍቱ ብጠይቃት የደረጃውን ፎቶ ላከችልኝ፤ እናቴ በጣቷ እየቆጠረች ስድስት ናቸው፣ እችላቸዋለሁ ብላለች። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ 22 ቁጥር በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚመጣ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚሄደውን በምን እለያለሁ?

ምላሽ፦

ከፊቱ «ቢላ ሆራ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይያዙ፤ «ናድራዢ ሆስቲቫርዥ» የሚለው በተቃራኒው ነው የሚሄደው። ጎብኚው ሳይበዛ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ቢሳፈሩ እናትዎ በመስኮት በኩል መቀመጫ ያገኛሉ፤ ወንዙን ሲሻገሩ ቤተ መንግሥቱ የሚታየው በቀኝ በኩል ነው።