የሴንትራል ፓርክ ሣር ከአቧራ እንዴት ተነሳ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1970ዎቹ በኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ የተነሱ ፎቶዎች አይቼ ደነገጥኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) ሺፕ ሜዶው («የበግ መስክ» ማለት ነው) የሚባለው ሜዳ ላይ ሣር የሚባል ነገር የለም፤ አቧራ ብቻ። ግድግዳው ተሞነጫጭሯል፣ ወንበሩ ተሰባብሯል። ከዛሬው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ሳየው አንድ ቦታ አይመስልም። ወንድሜ «ሀብታሞች ብር ሰጡ፣ በቃ» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። መጀመሪያውኑ ለምን ተበላሸ? ከዚያስ ማን ምን አደረገ?

ቅጠል ጠራጊው፦
እህቴ፣ እዚያው ፓርክ ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት ለሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠል ጠርጌያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

ብዙ ሰው ፓርኩን ከተማው ሳይደርስበት የተረፈ ጫካ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን 341 ሄክታሩ በሙሉ በሰው እጅ የተሠራ ነው። ቦታው ረግረግና ድንጋይ ነበር። ኦልምስተድና ቮክስ የሚባሉ ሁለት ንድፍ አውጪዎች ያወጡት ንድፍ በ1858 የፓርኩን የንድፍ ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ ድንጋዩ በባሩድ ተፈረካከሰ፣ ለም አፈር ከኒው ጀርሲ በጋሪ ተጋዘ። ሐይቆቹ እንኳ ተቆፍረው የተሞሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር እጅ ከተነሳበት ራሱን አይጠብቅም።

እጅ የተነሳበትም በ1970ዎቹ ነው። ከተማው በ1975 ለኪሳራ ትንሽ ነበር የቀረው፤ የፓርክ ሠራተኛም ተቀነሰ። በዚያ ላይ ትልልቅ ኮንሰርቶች ሣሩ ላይ ይደረጉ ነበር። መቶ ሺህ እግር ሲረግጠው አፈሩ ይጠቀጠቃል። አየር የለው፣ ውሃ አያሰርግ፤ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ያየሽው አቧራ እሱ ነው።

በ1979 ኤሊዛቤት ባርሎ ሮጀርስ የፓርኩ አስተዳዳሪ ሆነች። በማግስቱ ዓመት ሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ ተመሠረተ። ከግለሰብ ገንዘብ እየሰበሰበ ከከተማው ጋር የሚሠራ ድርጅት ነው፤ እዚህ ላይ ወንድምሽ ግማሽ እውነት አለው። የሺፕ ሜዶው ሣር ያኔ እንደ አዲስ ተተከለ። ቀጥሎ መላው ፓርክ ተጠና፦ ዛፉ፣ የውሃ መውረጃው፣ አፈሩ፣ ሰው የት እንደሚሄድ። የእድሳቱ ዕቅድ በ1985 ወጣ።

ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። በ1990ዎቹ ፓርኩ በ49 ቀጠና ተከፈለና እያንዳንዱ የራሱ አትክልተኛ ተመደበለት። ከዚያ በፊት ቡድን በመኪና ይመጣል፣ አጭዶ ይሄዳል፤ ማንም «ይሄ የኔ ነው» አይልም። እኔ የሠራሁበት ቀጠና አትክልተኛ የትኛው ቁጥቋጦ ባለፈው ብርድ እንደተጎዳ በቃሉ ያውቅ ነበር። አንዴ ቅጠል ስጠርግ ትንንሽ ችግኞች አብሬ ነቅዬ፣ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም!

አንድ ነገር ላስገባ፦
ጥሩ ብለሃል ወንድሜ፣ ግን ቦታው ረግረግና ድንጋይ ብቻ አልነበረም። በምዕራብ በኩል ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበር። ከ1825 ጀምሮ ጥቁር አሜሪካውያን መሬት እየገዙ የሠሩት ነው፤ በኋላ አይሪሾችም ገቡበት። ወደ 225 ነዋሪ፣ ሦስት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤት። ያኔ በኒውዮርክ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ የ250 ዶላር ንብረት ያስፈልገው ስለነበር መሬቱ ቤት ብቻ አልነበረም፣ ድምፅም ነበር። በ1857 ከተማው ሁሉንም አስነሳቸው። በ2011 ሲቆፈር የሻይ ማፍያና የጫማ ሶል ተገኝቷል።

ጀማሪዋ፦
ይሄንን ጭራሽ አልሰማሁም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ወንድሜ አሁንም «አንድ ሀብታም ለፓርኩ የሰጠው መቶ ሚሊዮን ዶላርስ?» እያለ ነው። ደግሞ ሺፕ ሜዶው ላይ የምር በግ ነበር?

ቅጠል ጠራጊው፦
ሴኔካ ቪሌጅን መዝለሌ ልክ አልነበረም፤ ጥሩ አስገባህ።

በጎቹ የምር ነበሩ፣ እስከ 1934። የበጎቹ ቤት በኋላ ሬስቶራንት ሆነ። መቶ ሚሊዮን ዶላሩን ጆን ፖልሰን የሚባለው ባለሀብት የሰጠው በ2012 ነው። ያኔ ኮንሰርቫንሲው 32 ዓመቱ፤ ሣሩም ከበቀለ ቆይቷል።

አሁንም ሣሩ ማረፍ ሲኖርበት ቀይ ባንዲራ ይሰቀልና ይዘጋል። አንድ ቀን ብርድ ልብስ አንግቦ፣ ምሳውን ይዞ የመጣ ሰው «ፓርክ የተሠራው ለሰው ነው ለሣር?» ብሎ ጮኸብኝ። መልስ አጣሁ።

ከሄድሽ ፓርኩ ውስጥ ቤተዝዳ ቴራስ የሚባለው የድንጋይ ሰገነት ሥር ቆመሽ ጣሪያውን እይ። ከ15,000 በላይ ባለቀለም የእንግሊዝ ሸክላዎች አሉ። በ1980ዎቹ አንድ በአንድ ወርደው ተቀመጡ፤ ታድሰው የተመለሱት በ2007 ነው። ሰው ፏፏቴውን ፎቶ ለማንሳት ሲቸኩል በሥራቸው ያልፋል፣ ቀና የሚል ጥቂት ነው።