እንቅልፍ የነሳኝ ስልኬ ነው ወይስ እኔው ራሴ?

የሌሊት ወፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ማታ 4 ሰዓት አልጋ ውስጥ እገባለሁ፣ «አንዴ ቴሌግራም ልይና ልተኛ» እላለሁ፣ ከዚያ ቲክቶክ፣ ከዚያ የሌሊት ጥቅሉ እንዳይባክን ብዬ ደግሞ ሌላ፣ ቀና ስል 7 ሰዓት ተኩል። ባለፈው ማክሰኞ ስልኩ ከእጄ አምልጦ ግንባሬ ላይ ሲወድቅ ነው የባነንኩት፣ ቪዲዮው አሁንም ይለፈልፋል።

ጠዋት 12 ሰዓት አላርም ላጠፋ አነሳዋለሁ። አለቃዬ ማታ 5 ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ውስጥ ጽፏል፦ «ሪፖርቱ 2 ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።» ገና ከአልጋ ሳልወርድ ልቤ ይደልቃል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ሙሉ ቀን ሠርቶ የሚመለስ ሰው ነው የምመስለው። ባሌ የስክሪኑን ብርሃን ወደ ቢጫ ቀይሪው አለኝ። ቀየርኩት፣ ቢጫ ቲክቶክ እያየሁ አመሸሁ እንጂ ምንም ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?

የጀሞ ልጅ፦
ግንባር ላይ ያልወደቀበት ማን አለ 😂 እኔ መርካቶ ወርጄ የድሮውን የደወል ሰዓት ገዛሁ፣ ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ላይ ያድራል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እጄ ትራስ ሥር ሲፈልገው ያድር ነበር። ብቻ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ሲል ያሳብዳል፣ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ነው የተገላገልኩት።

ሲስተር፦
ነርስ ነኝ፣ አዳር ስለምገባ የእንቅልፍን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ባልሽ አልተሳሳተም፣ የያዘው ግን ትንሹን ችግር ነው። ሲመሽ አንጎላችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ያንን ያዘገየዋል። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ የቦስተን ጥናት አለ፦ 12 ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት ለ4 ሰዓት ያህል አንዴ በታብሌት፣ አንዴ በወረቀት መጽሐፍ ለተከታታይ 5 ምሽት አነበቡ። በታብሌት ያነበቡ ጊዜ እንቅልፍ የዘገየባቸው በአማካይ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አንቺ የጎደለሽ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው እኮ! ያን ያህሉን የወሰደው ብርሃኑ ሳይሆን «አንድ ብቻ ልይና» የምትዪው ነው።

ጠዋት ደግሞ ኮርቲሶል በተፈጥሮው ከፍ ይላል፣ ከነቃን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። በዚያው ሰዓት የአለቃ ትእዛዝ ስትጨምሪበት ልብሽ ቢደልቅ አይገርመኝም። ፊትሽን ታጠቢ፣ መጋረጃ ክፈቺ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ግሩፑን ከዚያ በኋላ እዪው። ስልኩን ትተሽም እንቅልፍ እምቢ እያለ ወር ካለፈ ግን ሐኪም አማክሪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሳሎን ይደር ማለት ቀላል ነው። እናቴ አዲስ አበባ ብቻዋን ናት፣ እኔ እዚህ አሜሪካ 11 ሰዓት ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ እኩለ ሌሊት ነው፣ እኔ ደግሞ ስተኛ እዚያ ነግቷል። ብትታመም በምን እሰማለሁ? ስልኬን አጠገቤ ነው የማሳድረው፣ ግን «አትረብሹ» የሚለውን ከፍቼ የእሷና የእህቴ ቁጥር ብቻ እንዲጮኽ አድርጌዋለሁ። ቲክቶኩን ከነጭራሹ አጥፍቼዋለሁ፣ እሱን በልክ ማየት አልቻልኩበትም።

የሌሊት ወፍ፦
አመሰግናለሁ። አራት ቀን ሞከርኩት። ሁለቱን ቀን 5 ሰዓት ሳይሞላ ተኛሁ፣ አንዱን ቀን ሌሊት ተነስቼ ሳሎን ቆሜ ስክሮል ሳደርግ ባሌ ያዘኝ 🙈 ዛሬ ግሩፑን የከፈትኩት ታክሲ ውስጥ ነው። አለቃዬ ማታ አንድ ነገር ጽፎ ራሱ አጥፍቶታል። ምን እንደነበር እንኳ አላወቅኩም።

የጀሞ ልጅ፦
ሰዓት ገዛሽ ወይ?

የሌሊት ወፍ፦
ገዛሁ። የእኔው አንድ ካልሲ አልበቃውም፣ ሁለት ነው የለበሰው።