ይሄ 2290 የሚሉት ታክስ ከኢፍታ ጋር አንድ ነው እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም የአሜሪካ ትራክ ነጂዎች። ኖቬምበር ላይ ከዲለር ትራክ ገዝቼ በአንድ ካምፓኒ ሥር እየሠራሁ ነው። ታርጋው በኔ ስም ነው። አሁን የ2290 ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልኝ ሰው) ደግሞ ካምፓኒው በየሳምንቱ ለመንገድ ይቆርጥልሃል፣ አታስብ ይለኛል። ያ የሚቆረጠው ኢፍታ ነው ወይስ ይሄኛው? 550 ዶላር ነው ይላሉ፣ የታክሱ ዓመት እኮ ከጀመረ ቆየ፣ ሙሉውን ልከፍል ነው?

ባለ 18 ጎማ፦ አይገናኙም ወንድሜ። ኢፍታ የነዳጅ ታክስ ነው። በየስቴቱ የነዳኸው ማይልና የቀዳኸው ናፍጣ እየተመሳከረ በየሩብ ዓመቱ ይታሰባል። 2290 የፎርሙ ቁጥር ነው፤ ለአይአርኤስ፣ ማለትም ለፌደራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የሚገባ የፌደራል ታክስ ሲሆን የሚታየው ክብደት ነው። ትራኩ ከነተሳቢው ከነጭነቱ 55,000 ፓውንድ ከሞላ ይመለከትሃል። እዚያ ላይ 100 ዶላር ነው፣ ከዚያ በየ1,000 ፓውንዱ 22 ዶላር እየጨመረ ይሄድና ከ75,000 ሲያልፍ 550 ላይ ይቆማል።

ዓመቱ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። በኖቬምበር መንዳት ከጀመርክ የ8 ወር ብቻ ትከፍላለህ፣ ከ550ው 366 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። ቀነ ገደብህ ዲሴምበር 31 ነው፣ እንዳያልፍህ።

የሌሊት ሹፌር፦ ዲስፓቸሩን ተወው። ታርጋው በስሙ የሆነ ሰው ነው ተጠያቂው። ካምፓኒው እከፍልልሃለሁ ካለ ስኬጁል 1 የሚባለውን፣ 2290 መከፈሉን የሚያሳየውን የአይአርኤስ ማህተም ያለበትን ወረቀት አሳየኝ በለው። እሱን ካላየህ አልተከፈለም ብለህ ቁጠር። ከገዛህ 60 ቀን ካልሞላህ በሽያጭ ወረቀቱ ታርጋ ማውጣት ይቻላል፣ ታክሱ ግን አይቀርልህም። ሌላው ደግሞ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይሞላም፣ ኢአይኤን የሚባለው የንግድ የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። እሱን አይአርኤስ በነፃ ነው የሚሰጠው፣ ገንዘብ የሚጠይቁህን ድረ ገጾች እለፋቸው። የትራኩን መለያ (ቪን) ቁጥርም ስትሞላ ሁለቴ እየው፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ታርጋ ቢሮ ይመልስሃል።

ናፍጣ ጨረሰኝ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዓመት 20,000 ማይል የሚነዳውም 120,000 የሚነዳውም እኩል 550! ከ5,000 ማይል በታች የነዳ አይከፍልም፣ ፎርሙን ግን እሱም ይሞላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መንገዱን ማን የበለጠ እንደጎዳው የሚጠይቅ የለም።

ባለ 18 ጎማ፦ @ናፍጣ ጨረሰኝ በማይል ይሁን ካልክ ኦሬጎንን ሂድና እየው። እዚያ ከ26,000 ፓውንድ በላይ ከሆንክ በክብደትና በማይል ነው የሚያስከፍሉህ። በርግጥ ያን የምትከፍል ከሆነ የስቴቱን የናፍጣ ታክስ አይጨምሩብህም። ፍትሐዊው እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ግን ኪስህ አይወደውም። 550ው እኮ ከ1984 ጀምሮ አልጨመረም፣ ዝም ብለን ብንከፍል ይሻለናል 😅

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የክፍያ ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት፣ የተቆረጠው ኢፍታ ነው የሚለው፣ ስለ 2290 አንድም ነገር የለም። ዛሬውኑ እሞላዋለሁ። ኬንታኪስ? ሰሞኑን ወደዚያ የሚሄድ ሎድ (ጭነት) አለ ብለውኛል።

የሌሊት ሹፌር፦ ኬንታኪም የራሱ የመንገድ ታክስ አለው፣ 60,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሆነ ትራክ። ለሱ የሚወጣው ቁጥር ኬዋይዩ ይባላል። ካምፓኒው ያወጣልህ እንደሆነ ሎዱን ከመቀበልህ በፊት ጠይቅ። ኒው ዮርክና ኒው ሜክሲኮም እንዲሁ የየራሳቸው አላቸው።