ልጄን ለክረምት ድሬዳዋ ሆስፒታል ልላከው? ሕክምና ለመማር ከማመልከት በፊት ስለሚያስፈልገው ልምድ

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ልጄ እዚህ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን እንደጨረሰ ሕክምና ለመማር ያመለክታል። አማካሪው ጥሩ ውጤትና የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ) ፈተና ብቻ እንደማይበቁ፣ የሥራና የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ልምድም እንደሚጠየቅ ነግሮታል። እሱ ግን ከትምህርት የሚተርፈውን ጊዜ ከአባቱ ጋር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠራ ያሳልፋል። ስለዚህ በመጪው ክረምት ለሁለት ወር ድሬዳዋ ሄዶ፣ ዘመድ በሚሠራበት ሆስፒታል ሐኪሞችን እያገዘ ልምድ ቢቀስም ብለን አስበናል። ሁለቱንም አገር የምታውቁ ብትመክሩን በጣም እናመሰግናለን።

መልስ፣ ከድሬዳዋ

የተከበሩ እህቴ፣ እኔ በወጣትነቴ በዚህ አካባቢ በነርስነት ሠርቼ፣ ከዚያም ረጅም ዘመን በአሜሪካ በዚያው ሙያ አገልግዬ፣ ጡረታ ስወጣ ወደ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የተመለስኩ ሴት ነኝ። ጥያቄዎን ያነበብኩት እንደ ራሴ ልጅ ጉዳይ ነው። ልጅዎን ይላኩት፤ ነገር ግን ለማመልከቻው የሚሆነውን የሆስፒታል ልምድ እዚህ ያገኛል ብለው አይላኩት። ያ ልምድ የሚገኘው እሱ በሚኖርበት ከተማ፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ በመሥራት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ለወላጆች እንግዳ የሚሆንብን በአገራችን ሕክምና የሚገባበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ነው። እዚህ ተማሪው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱ ይመደባል፤ ሕመምተኛን የሚያውቀው ከገባ በኋላ፣ ለምሳሌ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውስጥ ከመምህሩ ኋላ እየተከተለ ነው። በአሜሪካ ግን ሕክምና ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚጀመር የአራት ዓመት ትምህርት ነው፤ ቀጥሎም እንደየዘርፉ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሚወስድ ሬዚደንሲ የሚባል በሆስፒታል እየሠሩ የሚሠለጥኑበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ይህን ሁሉ ዓመት ከመፍቀዱ በፊት፣ ወጣቱ የታመመ ሰው አጠገብ ውሎ አድሮ፣ ድካሙን ቀምሶ፣ አሁንም ሥራውን የሚወደው መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

የድሬዳዋውን ሐሳብ የምቃወመው በዓይኔ ካየሁት ነገር ተነሥቼ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በዚህ በምሥራቁ ክፍል እሠራበት ወደነበረው አንድ ሆስፒታል፣ ከውጭ የመጣ ትሑት የኮሌጅ ተማሪ በዘመድ በኩል ገባና ነጭ ጋዋን ተሰጠው። የእኛ አገር ሰው እንግዳ ባዶ እጁን ቆሞ ሲያይ አያስችለውም፤ አንድ ባልደረባችንም በቅንነት «ና፣ አንተም ደም ቅዳ» ብሎ መርፌ አስጨበጠው። ከገጠር የመጡ እናት እጃቸውን ዘረጉለት። ሦስት ጊዜ ወጋቸው፤ ደም ሥሩን ግን አላገኘውም። እኚያ እናት አንድም ቃል ሳይቆጡ «ዶክተር» እያሉ በኦሮምኛ መረቁት። ያን ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነጩን ጋዋን አምነው እጃቸውን የሰጡት፣ ምንም ላልተማረ ልጅ መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ወደ ሌላ አገር ሄደው ልምድ ለሚቀስሙ ተማሪዎች ያወጣው መመሪያ አለ፤ ባልሠለጠኑበትና ባልተፈቀደላቸው ነገር በሕመምተኛ ሰውነት ላይ እንዳይሠሩ ያስጠነቅቃል። መርፌ መውጋትን ወይም ቁስል መስፋትን እንደ ጀብዱ ቆጥሮ በማመልከቻው ላይ የሚጽፍ ልጅ ራሱን ይጎዳል።

አሁን ወደ እርስዎ ከተማ ልመለስ። በመጀመሪያ የመኪና ማቆሚያውን ሥራ አይናቁት። አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ተማሪው እስከ 15 የሚደርሱ ሥራዎችንና ተሳትፎዎችን መዘርዘር ይችላል፤ ከሕክምና ጋር የማይገናኝ የደመወዝ ሥራም ራሱን የቻለ መደብ አለው። ቤተሰቡን ለመርዳት ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ክፍል የገባ ልጅ ይህን መደበቅ የለበትም። እያንዳንዱ የሚገለጸው በ700 ሆሄያት ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ትርጉም አላቸው ለሚላቸው 3 ሥራዎች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 1,325 ሆሄያት ይጨመርለታል። የሠራበት ሰዓትና የሚመሰክርለት ሰው አድራሻም ስለሚጠየቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ይመዝግብ።

ከሕመምተኛ ጋር የሚያገናኘው ሥራ ግን የግድ ያስፈልገዋል። እኔ ሲኤንኤ የሚባለውን የነርስ ረዳትነት ሥራ አጥብቄ እመክራለሁ። የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ሲሆን 16ቱ በተቆጣጣሪ ሥር የሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው፤ ስቴቶች ከዚህ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። ናርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንትን ያጠበ፣ ያበላ፣ ሌሊት ሲጨነቁ እጃቸውን የያዘ ወጣት ሕክምና ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ደመወዝም ስላለው ከማቆሚያው ሥራ ከፊሉን ሊተካለት ይችላል። ይህ ካልተመቸው በሆስፒታል ወይም በሆስፒስ (ሕይወታቸው ሊያልፍ የተቃረበ ሕመምተኞች በሚታገዙበት) በበጎ ፈቃድ ያገልግል፤ የቲቢ ምርመራና የክትባት ማስረጃ ስለሚጠይቁ ቀደም ብሎ ያመልክት። ሐኪምን ተከትሎ ሥራውን መመልከትም አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም መመልከት ብቻውን ማገልገል አይደለም።

ድሬዳዋ ለልጅዎ የምትሰጠው ትልቅ ነገር ሌላ ነው፤ የሕመምን ቋንቋ ታስተምረዋለች። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ስትል ብዙውን ጊዜ የምትናገረው ስለ ጨጓራዋ ነው። ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ልጅ ሐኪሙን ወደ ልብ ምርመራ ይመራዋል። «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገባኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በእርስዎ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ በአጎራባቿ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አገልግሎት እንዲሰጥባቸው ካደረጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሆኖም የቤት አማርኛ ይዞ ማስተርጎም አደገኛ ነው። የሕክምና አስተርጓሚነት ማረጋገጫ ለማግኘት ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። ልጅዎ በዚህ ክረምት ጆሮውን ከፍቶ ከሰማ፣ ሲመለስ ሥልጠናውን ቢወስድ፣ ብዙ አመልካቾች የሌላቸው አገልግሎት ይኖረዋል።

ወደ ጤና ጣቢያ ከሄደም በጤና ቢሮው ፈቃድ፣ ያለ ነጭ ጋዋን፣ ተማሪ መሆኑ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ተነግሮ ይሁን። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት መዞር ቢፈቀድለት ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማችን ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ፣ በበርሜልና በሮቶ ውስጥ ትራባለች፤ ውኃ የማይቆራረጥበት አገር ያደገ ልጅ በርሜሉ ለምን እንደሚሞላና ለምን መከደን እንዳለበት በአንድ ጠዋት ይማራል። ለራሱም ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቆ የወባ መከላከያ ኪኒን ይያዝ።

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ እኚያ እናት ያነበብኩትን ለልጄ አነበብኩለት። አማርኛ ይሰማል፤ ለመናገር ግን ያፍራል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ብቻ ቢቀመጥ ጊዜው በከንቱ አይባክንበትም?

መልስ፣ ከድሬዳዋ

እህቴ፣ በፍጹም አይባክንም። ወደ ክትትላቸው ይዟቸው ይሂድ፤ ካርዳቸውን ይያዝላቸው፤ ወረፋው ላይ አብሯቸው ይቀመጥ። አግዳሚው ላይ አማርኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ ሶማልኛውም ይሰማል፤ አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው በገዛ ከተማችን የጎረቤቱን ሕመም ሳይረዳ እንደሚመለስ ያያል። መድኃኒቱ ሲጠፋ ከየትኛው ፋርማሲ እንደሚፈለግ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በዚህ ሙቀት እንዴት እንደሚያቆዩት ይጠይቅ። ማፈሩ ደግሞ ከአያት ፊት አይቆይም። የእናትዎን የቀጠሮ ቀን ከካርዳቸው ላይ አስነብበው ይወቁና የአውሮፕላን ትኬቱን በእሱ መሠረት ይቁረጡለት።