ቋሚ የዓሣ ኮታ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

መነሻ፦ በብዙ ቦታ የዓሣ ኮታ የሚወሰነው ክምችቱ አንድ የሚረጋበት መጠን አለው በሚል ስሌት ነው። ብዛቱ በራሱ ባሕርይ የሚዋዥቅ ከሆነስ? ሒሳብ፣ ባሕረና ቆጠራ የተባሉ ሦስት ተወያዮች ይከራከሩበታል።

ሒሳብ፦ ቋሚው ኮታ ይቅር። የሪከርን ሞዴል፣ ማለትም የዘንድሮውን የዓሣ ብዛት ይዞ የቀጣዩን ዓመት የሚያሰላውን ቀመር፣ በኤክሴል ሥሩት። የዕድገት መጠኑ ከ2 በታች ከሆነ ብዛቱ ይረጋል፤ ከ2 ሲያልፍ አንድ ዓመት ከፍ፣ አንድ ዓመት ዝቅ ይላል፤ 2.7 ላይ ግን የአየር ጠባይ ሳይለወጥ፣ በሽታ ሳይገባ የማይደጋገም መዋዠቅ (ኬዮስ) ይጀምራል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሮበርት ሜይ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳየው ይህንኑ ነው። አሁን የመሸከም አቅሙን፣ ማለትም ውኃው ሊያኖረው የሚችለውን የዓሣ መጠን፣ 1,000 ቶን አድርጉ። ክምችቱ 2,027 በደረሰበት ዓመት 200 ቶን ብታጠምዱ 1,827 ይቀራል፤ እሱም በምግብና በቦታ ተሻምቶ በቀጣዩ ዓመት 196 ይሆናል። ኮታችሁ 200 ነው። ክምችቱ አለቀ ማለት ነው።

ባሕረ፦ 2.7 የሆነ ዓሣ አሳየኝ እንጂ! ሃሴልና ባልደረቦቹ በ1976 የ28 ነፍሳት መረጃዎችን ሲመረምሩ ኬዮስ ያገኙት በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቤተ ሙከራ ውስጥ የተራባ ዝንብ። በዚያ ላይ የቆጠራ ስህተትም ኬዮስ ይመስላል።

ቆጠራ፦ ባሕረ፣ ያ ጥናት እያንዳንዱን ዝርያ ነጥሎ፣ በአንድ ቀላል ሞዴል ነው ያየው። በ2022 ሮጀርስና ባልደረቦቿ 172 የብዛት መረጃዎችን የቀመሩን ቅርጽ አስቀድመው በማይወስኑ ዘዴዎች ሲፈትሹ ከ30 በመቶ በላይ በሚሆኑት ኬዮስ አግኝተዋል። የቆጠራ ስህተትን ከኬዮስ ለመለየት የመረጃውን የመጨረሻ ሲሶ ደብቁ፣ በቀረው ተንብዩ። ትንበያው ለቅርቡ ጥሩ ሆኖ እየራቀ ሲሄድ የሚበላሽ ከሆነ ኬዮስ ይጠረጠራል፤ ተራ የቆጠራ ስህተት ከሆነ ግን ገና ከመጀመሪያው ዓመት አይሠራም።

ባሕረ፦ ይሁን። እንግዲያው ኮታው በቶን መሆኑ ቀርቶ በመቶኛ ይሁን። በራሱ በሒሳብ ሞዴል በየዓመቱ 55 በመቶ ብናጠምድ 2.7 የነበረው የዕድገት መጠን ወደ 1.9 ይወርዳል፣ ብዛቱም ይረጋል።

ቆጠራ፦ በሞዴሉ አዎ። መረቡ ግን ትልልቁን ይመርጣል። ያረጁት ዓሦች ሲያልቁ ክምችቱ በየዓመቱ በሚፈለፈለው ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2008 በካሊፎርኒያ ዳርቻ የሚጠመዱት ዝርያዎች ከማይጠመዱት ይበልጥ እንደሚዋዥቁ አሳይተዋል። የመረብ ዓይን ስፋትም አብሮ ይወሰን።

ሒሳብ፦ መቶኛ ከተባለ ቆጠራው የዘንድሮ መሆን አለበት። የትንበያ ስህተት በየዓመቱ እጥፍ በሚሆንበት ክምችት በ20 በመቶ ስህተት ብትጀምሩ በሦስተኛው ዓመት ከ100 በመቶ ያልፋል። የአምስት ዓመት ኮታ ባንድ ጊዜ የሚያጸድቅ አካል ይህን ሳይመልስ ፊርማውን ባያኖር ይሻላል።