ሰባራ ባቡር የትኛው ባቡር ነው? የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስም ሲፈታ

የጉለሌ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ «ሰባራ ባቡር ወራጅ አለ!» ስል ኖሬያለሁ። ግን እዚያ ሐዲድ የለም። የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለው ከተማውን አቋርጦ ለገሃር ነው። ታዲያ የተሰበረው የቱ ባቡር ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ባቡሩ ሐዲድ የሚፈልግ ዓይነት አልነበረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ። ዛሬ ዳምጠው የምንለው መሆኑ ነው። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ተበላሽቶ የቀረበት ቦታ ደግሞ ሰባራ ባቡር ተባለ።

ባቡር የሚለው ቃል ያኔ ሰፊ ነበር። በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሁሉ ባቡር ነው። ገጠር ወፍጮውንም ባቡር ሲሉት ትሰማለህ። «ምድር ባቡር» የሚለው ስም የመጣውም የሐዲዱን ከሌላው ለመለየት ይመስለኛል። ለገሃር ያልከው ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት።

ቁና፦
እኔ «ሰፈር» የሚለውን ራሱን ላንሣ። ጦር ሰፈረ፣ ንብ ሰፈረ፣ ዛር ሰፈረበት እንላለን። እህልም ይሰፈራል፤ መስፈሪያና መስፈርት ከዚያ ናቸው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ሲባል የምናውቀው ይህንኛውን ነው።

የከተማው ሰፈር ግን ከጦሩ ነው የመጣው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መልኳ የጦር ሰፈር ነበር። ንጉሡ መሀል፣ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ዙሪያውን። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ እያልን እስካሁን የምንጠራቸው ሰፈሮች የዚያ አሰፋፈር አሻራ ናቸው። ማዕረጎቹን ደግሞ ተመልከቱ። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ። ሹመቱ ራሱ ሰውዬው የት እንደሚቆም ይናገራል። እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

የካዛንቺስ ልጅ፦
የእኔም ሰፈር ይግባ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን ሲይዝ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነበረው። የመሥሪያ ቤቱ ስም በምሕጻር «ኢንቺስ» ነው። «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ስሙ ብዙ ሰው የወረራ ትዝታ መሆኑን ሳያውቅ አብሮን አደገ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። ከዚያ በፊት በ2016 ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሄዷል። ልማቱን ልቃወም አይደለም። ግን ቤቱ ሲሄድ ስሙን ማን ይይዝልናል?

ፊደል ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ስም የሚይዘው አፍ ነው። አራት ኪሎ ያለው ሐውልት የሚያዝያ 27 ነው። ጣሊያን በ1928 ከተማዋ የገባውም፣ ንጉሡ በ1933 የተመለሱትም በዚያው ቀን ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ደግሞ በ1929 በጣሊያን ፋሺስቶች እጅ ያለቁት የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው። ረዳቱ ግን «አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ!» እያለ ነው የሚጣራው። ድንጋዩ ቀኑን ያዘ፣ ታክሲው ኪሎውን። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ለዚህ ነው ታፔላ ላይ ከሰፈሩ ስም ሥር አንድ መስመር ማብራሪያ ይጨመር የምለው። አዲሱ ሕንፃ በር ላይም ቢሆን።

የጉለሌ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ደስ አላችሁኝ። ታፔላው ላይ ከሰባራ ባቡር ሥር «የሰርኪስ መዳመጫ የቆመበት» ተብሎ ይጻፍልን። እሪ በከንቱንስ? እዚያ ቀማኛ የያዘው ሰው እሪ ቢልም የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌላ አተራረክ ያለው ወዲህ ይበል። የሰፈሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ያሏችሁ ጠይቃችሁ አምጡልን።